የወራጂት መልካ ገመድ

በአንድ ወቅት፣ ድልድይ መሥራት ገና ባልታሰበበት አገር፣ ወራጂት የምትባል ወንዝ ነበረች። በጋ ላይ ጥጃ የሚሻገራት፣ ክረምት ሲገባ ደግሞ ፈረሰኛ የሚፈራት ወንዝ ናት። በዚያ ሁሉ አገር ሰው የሚሻገርበት አንድ መልካ ብቻ ነበር፤ መልካ ማለቴ ወንዟ ሰፋ ብላ ረጋ የምትልበት መሻገሪያ ነው። ያም መልካ የአንድ ቤተሰብ ነበር፤ የወይዘሮ ደብሪቱና የሦስት ልጆቻቸው።

ሰው የሚያሻግሩት እንዲህ አድርገው ነው። ግንድ ለግንድ በጠፍር የታሰረች ሰፊ ታንኳ አለቻቸው። ከታንኳዋ ግራና ቀኝ ሁለት የቃጫ ገመድ ይወጣል፤ አንዱ ወደ ምሥራቁ ዳር፣ አንዱ ወደ ምዕራቡ። ታንኳዋ በምትሄድበት ዳር ያለው ሰው ይስባል፤ በተነሣችበት ዳር ያለው ደግሞ ገመዱን ቀስ እያለ ይለቅላታል። አንደኛው ሳቢ፣ ሌላው ለቃቂ ይባላል። ታንኳዋ ላይ ሦስተኛ ሰው ረጅም ዘንግ ይዞ ይቆማል፤ ድንጋይ ቢያጋጥም ገፍቶ ያርቃታል፣ ዳር ስትደርስም ዘንጉን ተክሎ ያቆማታል።

ሟቹ አባት ለልጆቻቸው ሁለት ሕግ ትተው ነበር። የመጀመሪያው፣ «ለቃቂ የሆነ ሰው ታንኳዋ ውኃ ላይ ሳለች ሳቢ እንዳይሆን» የሚል ነው። ሁለተኛው፣ «ደራሽ ከመጣ ታንኳዋን ወደ ቀረበችው ዳር ሳቡ» የሚል ነው። ደራሽ የሚሉት ደጋው ላይ ዘንቦ፣ እዚህ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ድንገት የሚመጣውን ጎርፍ ነው። ሁለቱም መልካም ሕግ ናቸው። ታንኳዋ እኩል መካከል ላይ ሳለች ደራሽ ቢመጣ የትኛው ሕግ እንደሚሠራ ግን አልነገሯቸውም። ምናልባት እሳቸውም አላሰቡበት ይሆናል፤ ማን ሁሉን አስቦ ይሞታል?

የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው ይባል የለ? ወይዘሮ ደብሪቱም ሦስት የማይመሳሰሉ ልጆች ወለዱ። የበኩሩ ቢምረው ትከሻው የሰፋ፣ ድምፁ የጎላ ሰው ነው፤ ቤቱን በምሥራቁ ዳር ሠርቶ ከዚያ ይስባል፣ ከዚያ ይለቃል። ተከታዩ ጥጋቡ በጉልበት ከወንድሙ የማያንስ፣ በንግግር ግን የሚያንስ ነው፤ ቤቱ በምዕራቡ ዳር ነው። የመጨረሻዋ የዝና ትባላለች፤ ባሏን ፈትታ ከተመለሰች ወዲህ ዘንጉን ይዛ ታንኳዋ ላይ የምትውለው እሷ ነች።

አባታቸው ሲሞቱ፣ «መልካ ሁለት ጌታ አይችልም። ገመዱን እናታችሁ ለአንዳችሁ ትስጥ፤ ገመዱን የያዘም የመልካው ጌታ ይሁን፣ እሷንም ይጡር» ብለው ነበር። ከዚያ ወዲህ ሰባት ዓመት አለፈ። ወይዘሮ ደብሪቱ ክረምቱን ከአንዱ፣ በጋውን ከሌላው እየተቀመጡ ገመዱን ለማንም ሳይሰጡ ቆዩ።

ጥጋቡ ገመዱን ይፈልገው ነበር፤ ለገመድነቱ ግን አልነበረም። ከልጅነቱ ጀምሮ እናቱ ሲጠሩት፣ «ቢም... ጥጋቡ» ነበር የሚሉት። የበኩሩ ስም ቀድሞ አፋቸው ላይ ይመጣል፤ ከዚያ ይታረማል። አንድም ቀን አኩርፎ አያውቅም፤ ይሰማል፣ «አቤት» ይላል፣ የሆዱን በሆዱ ይይዛል። እናቱ አንድ ጊዜ፣ በሰው ፊት፣ ሳይታረሙ እሱን እንዲመርጡት ነበር የሚፈልገው። ሚስት ያገባ፣ ልጅ የወለደ ሰው እንዲህ ያለ ነገር መመኘቱ ራሱን ያሳፍረው ስለነበር ለሚስቱ እንኳ ተናግሮት አያውቅም።

በዚያ ዓመት ክረምቱን እናቱ ከእሱ ዘንድ ነበሩ። እግራቸውን በሞቀ ውኃ ያጥባል፣ ከእሳቱ ዳር ያለውን ቦታ ለእሳቸው ለቆ እሱ በር አጠገብ ይተኛል። መስከረም ጠባና ዝናቡ ጋብ ሲል ወይዘሮ ደብሪቱ፣ «እንግዲህ ቢምረው ዘንድ ልሂድ። አገሩም ደልዳላ ነው፣ ነፋሱም ይስማማኛል» አሉት። «እሺ እማዬ» አለ። ሆዱ ግን ባሰው። የእሱ ዳር ድንጋያም መሆኑን፣ ነፋሱም ኃይለኛ መሆኑን ያውቃል፤ እናቱ ግን ያንን ክረምት ሙሉ ይህን አንስተው አያውቁም ነበር።

በማግስቱ ረፋድ ላይ እናቱን አቅፎ ታንኳዋ ላይ አስቀመጣቸው። ጓዛቸውን አጠገባቸው አኖረ። የዝና ዘንጓን ይዛ ቆመች። ቢምረው ከወዲያ ዳር እጁን አውለበለበና መሳብ ጀመረ፤ ጥጋቡም መልቀቅ ጀመረ። በምዕራቡ ዳር ተራቸውን የሚጠብቁ ገበያተኞች ነበሩ፤ ከነሱም መካከል የደብሩ ሽማግሌ አባ ጥላዬ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ነበር።

ታንኳዋ መካከል ስትደርስ ከላይ በኩል ጉምጉምታ ተሰማ። ሰማዩ ጥርት ያለ ስለነበር ገበያተኛው ነጎድጓድ አለመሆኑን ወዲያው ዐወቀ። የዝና ወደ ላይ አየችና፣ «ደራሽ» አለች፤ ድምፅዋ ለሁለቱም ዳር ተሰማ።

ቢምረው እናቱን ሲያያቸው ወደ እሱ የቀረቡ መሰለው። ባለ በሌለ ኃይሉ ሳበ።

ጥጋቡም እናቱን ሲያያቸው ወደ እሱ የቀረቡ መሰለው። የሚወዱት ሰው መቼም ወደ ራስ የቀረበ ይመስላል። መልቀቁን ተወና ገመዱን በሁለት እጁ ጨብጦ፣ ተረከዙን መሬት ውስጥ ተክሎ፣ እሱም ሳበ።

ታንኳዋም ቆመች።

ሁለቱ ወንድማማቾች የአንድ እናት ጡት የጠቡ፣ እኩል ጉልበት ያላቸው ሰዎች ናቸው። አንዱ ወደ ምሥራቅ የሳበውን ያህል ሌላው ወደ ምዕራብ ሳበ። የሁለቱም ደም ሥር ተገታተረ፣ የሁለቱም ላብ ወረደ፤ ታንኳዋ ግን መካከል ላይ እንደ ተተከለ ችካል ቀረች። ዘግይቶ የደረሰ አንድ ገበያተኛ፣ «ምነው ቆሙ፣ ደክሟቸው ነው?» ብሎ ጠየቀ። አባ ጥላዬ፣ «ደክሟቸው ቢሆንማ ደግ ነበር። የቆመ ሁሉ ያረፈ አይደለም፣ ልጄ» አሉት። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚባለው ድሩ ወደ አንድ ወገን ሲሆን ነው። እዚህ ግን የሁለት ጎልማሳ ጉልበት እርስ በርሱ ተበላልቶ አንዲት አሮጊት አንድ ስንዝር እንኳ ማንቀሳቀስ አቃተው።

ጎርፉ ከመታጠፊያው ብቅ አለ። ከፊት ከፊቱ ከነሥሩ የተነቀለ ትልቅ ሾላ ያንከባልላል።

«አንዳችሁ ልቀቁ!» ብላ ጮኸች የዝና።

ሁለቱም ሰሙ፤ ሁለቱም አልለቀቁም። እኔ ስለቅ እሱም ቢለቅ ውኃው ይወስዳታል የሚል ፍርሃት ያዛቸው። ይህ ፍርሃት ነውር የለበትም። ጥጋቡ ያን ጊዜ ሌላ ነገር ባያስብ ኖሮ ይህ ተረትም ባልኖረ ነበር።

ጥጋቡ ግን ቀና ብሎ እናቱን አየ። ወይዘሮ ደብሪቱ የታንኳዋን ጠርዝ በሁለት እጃቸው ጨብጠዋል፤ ነጠላቸው ከራሳቸው ወድቋል። ፊታቸው ወደ ቢምረው ዞሯል። ለእሱ የሰጡት ጀርባቸውን ነው። ክረምቱን ሙሉ ያጠበው እግር፣ ለቆ የሰጠው መኝታ፣ «ነፋሱ ይስማማኛል» የተባለው ነገር፣ ሁሉም ባንድ ጊዜ መጣበት። በልቡም፣ «እንግዲያው እሱ ያውጣሽ። ካልቻለም ውኃው ይውሰድሽ» አለ። እጁም ተከፈተ። ገመዱ መዳፉን ልጦ እየተምዘገዘገ ወጣ።

ታንኳዋ ወደ ምሥራቅ ተወረወረች ማለት ይቻላል። እስከዚያ ድረስ ሲታገለው የነበረው ጉልበት ድንገት ስለጠፋ ቢምረው በጀርባው ተዘረረ፤ ራሱም ድንጋይ መታው። ገመዱን ግን ክንዱ ላይ ጠምጥሞት ስለነበር አልለቀቀውም። ሾላው ታንኳዋ ቆማበት በነበረው ሥፍራ ላይ እየተገላበጠ አለፈ። ጎርፉም ታንኳዋን ይዞ ቁልቁል ሊወርድ ሲል ቢምረው እየደማ ተነሣና ሳበ፤ የክንዱ ቆዳ እየተገፈፈ ሳበ። ከውኃው መንገድ አውጥቶ ወደ ዳር አመጣት።

ይሁን እንጂ አንዴ እንዲያ የሮጠች ታንኳ በቃሽ ስላሏት አትቆምም። ቢምረው መሳቡን ቢያቆምም እሷ አላቆመችም፤ ከዳር ወዳለው ጥቁር ዐለት ገሰገሰች። የዝና ከእናቷ ፊት ቆመች። ዘንጉን ከዐለቱ አገናኝታ ሌላውን ጫፍ ከትከሻዋ ላይ አስደገፈችና በሙሉ ኃይሏ ገፋች። ዘንጉ ለመጠ፤ ከዚያም ተሰበረ፤ ትከሻዋም አብሮ ተሰበረ። ታንኳዋ ግን ፍጥነቷ በርዶ ዐለቱን እንደ መሳም ያህል ብቻ ነካችው። ወይዘሮ ደብሪቱ አንድ ጣታቸው እንኳ ሳይጫር ወረዱ።

ምሥጋናው ግን የተጀመረው ከምዕራቡ ዳር ነው። አባ ጥላዬ ከድንጋያቸው ተነሥተው ወደ ጥጋቡ መጡ። የተላጠ መዳፉን ገልብጠው አዩና፣ «መሳብ ለማንም ይቻላል። እናቱ እንድትድን ከእጁ የሚለቅ ግን እውነተኛ ሰው ነው። አንተ ለራስህ አላልክም» አሉት። ገበያተኛው ሁሉ ይህን ሰማ። በገበያውም ከዚያ በቀር ወሬ አልነበረም።

ጥጋቡ «አይደለም» ለማለት አፉን ከፈተ፤ ቃል ግን አልወጣውም። በሁለተኛው ቀን ዝምታው ትሕትና ተባለ። በሦስተኛው ቀን ትሕትናውም እንደ ገድል ተወራ። መንገድ ላይ የሚያገኙት ሰዎች ከበቅሏቸው እየወረዱ ሰላምታ ሰጡት። አንዲት ልጇ የጠፋባት ሴት መጥታ መዳፉን ስማ አለቀሰች። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው ምንኛ በወደደ። በአራተኛው ቀን ከምሥራቁ ዳር፣ ከእናቱ፣ ለቁስሉ የሚቀባ ለጋ ቅቤ ተላከለት። ሚስቱ ልትቀባው መዳፉን ስትይዝ እጁን ነጠቃት። ለምን እንደሆነ አልነገራትም፤ «ያመኛል» አለ። እንደ እውነቱ ከሆነ ከሁሉ ያላመመው መዳፉ ነበር።

በሳምንቱ እሑድ ወራጂት ስትጎድል ወይዘሮ ደብሪቱ የአገሩን ሽማግሌዎችና ሕዝቡን በምሥራቁ ዳር ሰበሰቡ። ገመዱ ተጠቅልሎ ጭናቸው ላይ ነበር። ጓዛቸውም ታስሮ አጠገባቸው ተቀምጧል። «ዛሬ እሰጣለሁ። ያዳነኝ ልጅ ይውሰደው፤ እስክሞትም ከሱ ዘንድ ነኝ» አሉ።

ቢምረው ራሱን በጨርቅ እንዳሰረ ተነሣ። «እኔ ሳብኩ። ባልስብ የወንድሜ መልቀቅ መስጠም ነበር» አለና ተቀመጠ።

የዝና ክንዷን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ተነሣች። «እኔ አቆምኩ። ባላቆም የሁለቱም ሥራ እማዬን ከዐለት ማላተም ነበር። ይህ ክንድ ከእንግዲህ እንጨት አይሰብርም» አለችና ተቀመጠች።

ጥጋቡ አልተነሣም። አባ ጥላዬ ስለሱ ተነሡ። «ይህ ልጅ ባይለቅ ሳቢውም በከንቱ በሳበ፣ አቋሚዋም የምታቆመው ነገር ባጣች። ሾላው ሁሉንም በጨረሰው ነበር። ደግሞም እዩት፣ አፉን እንኳ አይከፍትም» አሉ። ሕዝቡ አጉረመረመ፤ የስምምነት ማጉረምረም ነበር።

ወይዘሮ ደብሪቱ ገመዱን አነሡ። «ጥጋቡ» አሉ፤ ሳይታረሙ ጠሩት። «ና፣ ልጄ።»

ሄደና ተንበረከከ። ገመዱ የተላጠ መዳፉ ላይ ዐረፈ። ዕድሜውን ሙሉ የፈለገው ነገር ይኸው ነበር። እናቱ ግንባሩን ሊስሙ ጎንበስ ሲሉ መቻል አቃተው።

«አትሳሚኝ፣ እማዬ» አለ። «አንቺን ለማዳን አልለቀቅሁም። ፊትሽን ወደ ጋሼ ስታዞሪ አየሁና ውኃው ይውሰድሽ ብዬ ለቀቅሁ።»

ጥጋቡ አንገቱን እንደ ደፋ ገመዱን ጭናቸው ላይ መልሶ አኖረ፤ የሚሄድበት ስላልነበረው እዚያው ተንበርክኮ ቀረ። አባ ጥላዬ ፊታቸውን ወደ ወንዙ አዞሩ። ሳምንቱን ሙሉ ያወሩትን ሁሉ እያስታወሱ መሆናቸው ያስታውቅ ነበር።

ቢምረው በቁጣ ብድግ አለ። አንድ እርምጃ ወደ ወንድሙ ተራመደና ቆመ፤ ቁጣው ወዴት እንደሄደ እንጃ፤ ተመልሶ ተቀመጠ። መሬት መሬት እያየም ተናገረ። «የዝና ልቀቁ ስትል እኔም ሰምቻለሁ። እሱ ይልቀቅ አልኩ እንጂ እኔ ልልቀቅ አላልኩም። እሱ ዳር ከምትድን እኔ ዳር ብትሞት የመረጥኩ ያህል ነው።»

የዝና ማልቀስ ጀመረች። «ያን ቀን ጠዋት ውኃው የደራሽ ምልክት የሆነ ገለባና አረፋ ይዞ ነበር። አይቻለሁ። ነገ እንሂድ ብል ሁለታችሁ እንደ ልማዳችሁ ትነታረካላችሁ፤ ሰለቸኝና ዝም አልኩ።»

ወይዘሮ ደብሪቱ ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡት። ልጆቻቸው ሲያፍሩ አይተዋል፤ አሁን ተራው የእሳቸው ነበር። «ለአንዳችሁ መስጠት ያለብኝ ከሰባት ዓመት በፊት ነበር» አሉ ከነጠላው ውስጥ። «ሁለታችሁም ስትስቡኝ ደስ ይለኝ ነበር። ገመዱን የሰጠሁ ዕለት ሌላው መሳቡን ይተዋል ብዬ ፈራሁ።»

ከዚያም ገመዱን አንሥተው ሽማግሌዎቹ መካከል አኖሩት። «እኔ መፍረድ አልችልም። እናንተ ፍረዱ። እናንተ እስክትፈርዱ ከማንም ቤት አልገባም» ብለው ጓዛቸውን ተደግፈው ወንዙ ዳር ተቀመጡ።

ሽማግሌዎቹ ከረፋድ እስከ ማምሻ ተከራከሩ። አንዱ፣ «የሚፈረደው በሥራ ነው፤ ልብን የሚያይ እግዚአብሔር ነው። በሥራ ከሆነ የጥጋቡ መልቀቅ ነው ያንቀሳቀሳት» አለ። ሌላው፣ «እንዲያ ከሆነማ ሾላውንም እናመስግነው። እናቱን ለውኃ የሰጠ እጅ ገመድ አይያዝም። ደሙ እየፈሰሰ የሳበው ይውሰድ» አለ። ሦስተኛው፣ «ሁለቱም እናታቸውን ሲጓተቱባት ራሷን በፊቷ ያቆመች የዝና ብቻ ናት» አለ። ይህን የሰማ፣ «ውኃውን አይታ ዝም ያለችስ?» ብሎ መለሰለት። አባ ጥላዬም፣ «ገመዱ እጁ ገብቶ ሳለ፣ ማንም ሳይጠይቀው እውነቱን የተናገረውስ? እኛ እኮ አመስግነን ዝም እንዲል መንገድ ጠርገንለት ነበር» አሉ። ይሄኔ ክርክሩ እንደገና ከሥሩ ተጀመረ። ለአንዱ ሲያደላ ሌላው እየሳበው፣ ፍርዱም እንደ ታንኳዋ መካከል ላይ ቀረ።

ወይዘሮ ደብሪቱ ከወንዙ ዳር አልተነሡም። ሦስቱ ልጆቻቸው ከኋላቸው ቆመዋል፤ እጃቸውን ይዞ ወደ ቤት ሊወስዳቸው አንዱም አልደፈረም። አመሻሹ በርዷል፤ አሮጊቷም መንቀጥቀጥ ጀምረዋል።

እኔ በበኩሌ የተረቱን ጫፍ ለቅቄያለሁ፤ የቀረውን እናንተ ሳቡት። ፍርዱ በቶሎ ይሻላል፤ እናት ብርድ ላይ ናት። ደሙን እያፈሰሰ የሳበው፣ ግን ልቀቅ ሲባል ያልለቀቀው ቢምረው አለ። በመልቀቁ ያዳናት፣ ግን ትሙት ብሎ የለቀቀ፣ እናቱ መርጣው ሳለም ራሱን ያጋለጠ ጥጋቡ አለ። አጥንቷን ሰብራ ያቆመች፣ ግን አደጋውን አይታ ዝም ያለች የዝና አለች። ገመዱ የሚገባው ለማን ነው? ይህችንስ እናት እጇን ይዞ ወደ ቤቱ ያስገባት ዘንድ የሚገባው ማን ነው?